በልክ የተሰፋ ልብ፦ ከኮምፒውተር ሞዴሉ ውስጥ የታማሚው የራሱ የሆነው ስንቱ ነው?

ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና እጅጌ ይለካል። ብብቱ ምን ያህል ይልቀቅ፣ ኮሌታው እንዴት ይታጠፍ የሚለውን ግን አይለካም፤ ከለመደው ቅድ ያመጣዋል። ሱፉ «በልክ የተሰፋ» ይባላል፣ ከፊሉ ግን የማንም ልክ አይደለም። «ዲጂታል መንታ» እየተባለ የሚወራው፣ የአንድን ታማሚ አካል በኮምፒውተር ሠርቶ ሕክምናውን አስቀድሞ እዚያ ላይ የመሞከር ነገርም እንዲሁ ነው። ቅርጹ ከታማሚው ይለካል፤ የቀረው ከሌሎች ሰዎች አማካይ ተወስዶ ይገጠማል። ሞዴሉ የሚያዋጣውም የሚያሳስተውም ሁለቱ በተጋጠሙበት ስፌት ላይ ስለሆነ፣ ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ይሻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምርምር ክፍል ወጥቶ ሆስፒታል የዘለቀው ዋናው ምሳሌ የልብ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ስሌት ነው። አንድ ሰው ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይጨመድደዋል እንበል። ሲቲ ስካን ሲነሣ፣ ልብን ከሚመግቡት ቧንቧዎች በአንዱ ላይ 60 በመቶ ጥበት ይታያል። ጥበት መኖሩ ታውቋል፤ የሚያከራክረው ጥበቱ ለልብ ጡንቻ የሚደርሰውን ደም በእርግጥ ይከለክላል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለመለየት የተለመደው መንገድ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ እስከ ልብ ማስገባት፣ አዴኖሲን በሚባል መድኃኒት ትናንሾቹን የደም ሥሮች ማስፋት፣ ከዚያም ከጥበቱ ማዶ ያለውን የደም ግፊት ከጥበቱ በፊት ላለው ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር ኤፍኤፍአር ይባላል። 1.0 ከሆነ ቧንቧው ምንም አይከለክልም፤ 0.80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስለ ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ) መነጋገር ይጀመራል። በ2009 የታተመውና 1,005 ታማሚዎች የተሳተፉበት «ፌም» የተባለው ጥናት፣ በዓይን ግምት ከመሥራት ይልቅ በዚህ ቁጥር መመራት በአንድ ዓመት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት፣ የልብ ጡንቻ መሞትና ዳግም ሕክምና በድምሩ ከ18.3 ወደ 13.2 በመቶ እንደሚያወርድ አሳይቷል።

ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ቻርለስ ቴይለርና ክሪስቶፈር ዛሪንስ የመሠረቱት ሃርትፍሎው የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ቁጥር ያለ ሽቦ፣ ከሲቲው ምስል ተነሥቶ ለማስላት ቆረጠ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2014 መጨረሻ ፈቀደለት፤ በ2017 ደግሞ የእንግሊዙ የጤና መመዘኛ ተቋም ናይስ እንዲሠራበት መከረ።

ሥራው የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ በፊት፣ ሲቲው አልጋ ላይ ነው። የልብ ምት በደቂቃ ከ60 በታች እንዲወርድ ቤታ ብሎከር ይሰጣል፤ ልብ እየዘለለ ከተነሣ ቧንቧው ምስሉ ላይ ይደራረባል ወይም የተቆረጠ ይመስላል። ከመነሣቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ይደረጋል። ይህ ሁለተኛው ቀላል መስሎ ሲዘለል ጣጣው ብዙ ነው። ሽቦው ሲገባ ቧንቧዎቹ በናይትሮግሊሰሪን ሰፍተው ነው የሚለኩት፤ ያለሱ የተነሣ ምስል የተኮማተረ ቧንቧ ያሳያል፣ ሞዴሉም ጥበቱን አጋንኖ ያነብባል። ካልሲየም ሌላው ጠላት ነው። ግድግዳው ላይ የተጋገረ ካልሲየም በሲቲ ምስል ከእውነተኛ መጠኑ በላይ አብጦ ስለሚታይ ደም የሚያልፍበትን ክፍተት ይሸፍናል። ስቴንት የገባበት ቧንቧም በብረቱ ምክንያት እንዲሁ ነው። «አድቫንስ» በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ 2.9 በመቶው ምስል ለስሌት አይሆንም ተብሎ ተመልሷል፤ በዘወትር ሥራ ከየሆስፒታሉ በተላኩ ከ10,000 በላይ ምስሎች ላይ ግን ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። ትልቁ ምክንያት የልብ እንቅስቃሴ ነው።

ምስሉ ጥሩ ሆኖ ከመጣ የቧንቧዎቹ ዛፍ ከነቅርንጫፉ ይቀረጻል። ጠርዙን መጀመሪያ ፕሮግራሙ ያወጣል፣ ከዚያ የሠለጠነ ሰው እየተከተለ ያርማል። ይህ የሰው እጅ በማስታወቂያው ላይ እምብዛም አይነሣም፤ ነገር ግን የስሌቱ ዕጣ ከሁሉም በላይ የሚወሰነው እዚህ ነው። ፈረንሳዊው ፖዋዜይ በ1840ዎቹ እንዳሳየው፣ ቀጭን ቧንቧ ለፍሰት የሚሰጠው ተቃውሞ ከውስጥ ስፋቱ ጋር በተቃራኒው፣ በአራተኛ ደረጃ ይቀያየራል። ስፋቱን 10 በመቶ አሳንሶ የሳለ ሰው ተቃውሞውን 52 በመቶ አሳድጎታል፤ 10 በመቶ አስፍቶ የሳለው ደግሞ 32 በመቶ ቀንሶታል።

ይህንን በአንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ቧንቧው 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ በጠበበው ቦታ 1.2 ሚሊ ሜትር ቀርቷል፣ ጥበቱም 1 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በተለመደው የደም ዝልግልግነት ሲሰላ፣ ይህ ጥበት በደቂቃ ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ደም 0.1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይበላል። ከጥበቱ ማዶ፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ የተሠራጩት ለዓይን የማይታዩ ሥሮች ተቃውሞ ደግሞ አዴኖሲን ሲሰጥ 0.36 ነው እንበል። ኤፍኤፍአሩ 0.36 ለ0.46 ተካፍሎ 0.78 ይሆናል፤ ስቴንት ይታሰባል ማለት ነው። አሁን ጠርዙን የሳለው ሰው ስፋቱን 5 በመቶ ብቻ አስፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም በ0.06 ሚሊ ሜትር፣ የጥበቱ ተቃውሞ ወደ 0.082 ይወርድና ኤፍኤፍአሩ 0.81 ይወጣል። «ችግር የለም፣ በመድኃኒት ይቆይ» ይባላል። የሲቲው ምስል የአንዲት ነጥብ (ፒክሰል) ስፋት ግን ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ውሳኔው የተገለበጠው ከአንዲት የምስል ነጥብ አምስተኛ እጅ በማይበልጥ ስፋት ነው። (እውነተኛው ስሌት ደሙ ከጥበቱ ሲወጣ በመሽከርከር የሚያጣውን ግፊትም ስለሚጨምር ቁጥሩ ይለያል፤ የስህተቱ ጠባይ ግን ይኸው ነው።)

እስካሁን ያየነው የታማሚውን የራሱን ቅርጽ ነው። ያ 0.36 ከየት መጣ? ሲቲ እነዚያን ትናንሽ ሥሮች አያያቸውም። ስለዚህ ቁጥሩ በተዘዋዋሪ ይመጣል። መጀመሪያ የልብ ጡንቻው ክብደት ከምስሉ ይለካል። ቀጥሎ ከክብደቱ በመነሣት፣ ሰውየው ዐርፎ ሳለ ልቡ ስንት ደም ይጠቀማል የሚለው ይሰላል፤ እዚህ የሚሠራበት ሕግ ከእንስሳትና ከሰው ልክ የተገኘ፣ ፍሰቱ ከክብደቱ ጋር በሦስት አራተኛ ደረጃ ያድጋል የሚል ነው። ጡንቻው 150 ግራም የነበረው ሰው 200 ግራም ቢሆን ፍሰቱ 24 በመቶ ይጨመርለታል። ይህ ፍሰት በየቅርንጫፉ እንደ ቧንቧው ውፍረት ይከፋፈላል፤ ግፊቱ ደግሞ ክንድ ላይ ከሚታሠረው መለኪያ ይወሰዳል። በመጨረሻ፣ አዴኖሲን ቢሰጠው ኖሮ ትናንሾቹ ሥሮች ምን ያህል ይሰፉ ነበር? በታተሙት የዘዴው መግለጫዎች ተቃውሞው ዐርፎ ከነበረው ወደ 0.24 እጥፍ እንዲወርድ ይደረጋል። ይህ ቁጥር የመጣው በ1990 ከታተመ፣ ቧንቧቸው ጤነኛ በሆነ ሰዎች ላይ ከተደረገ የአዴኖሲን ልኬት ነው።

ኮሌታው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በምሳሌያችን ግፊቱ 90፣ በዚያ ቧንቧ ዐርፎ የሚያልፈው ደም በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር ነበር፤ 90 ለ60 ሲካፈል 1.5፣ በ0.24 ሲባዛ 0.36። ታማሚው ለዓመታት ስኳር ያለበት ወይም የደም ግፊት ልቡን ያወፈረበት ከሆነ ግን ትናንሾቹ ሥሮች እንደ ጤነኛ ሰው አይሰፉም። ተቃውሞው በግማሽ ብቻ ቢወርድ 0.75 ይሆናል፣ እውነተኛው ኤፍኤፍአርም 0.88። ሞዴሉ 0.78 ብሎ ሽቦው ወደሚገባበት ወደ ካቴተር ክፍል ልኮታል፤ ሽቦው ሲገባ ጥበቱ ያን ያህል እንደማይከለክል ይታያል። የወፈረው ልብ ክብደቱ ከፍ ስላለ ደግሞ የክብደቱ ሕግ ተጨማሪ ፍሰት ሰጥቶት ስህተቱን በዚያው አቅጣጫ ይገፋዋል። ሁለት ስህተት አንዱ ሌላውን ቢያጣፋ መልካም ነበር፤ እዚህ ግን ይደማመራሉ።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የዘዴው ታሪክ ይመሰክራል። በ2012 የታተመው «ዲፋክቶ» 252 ታማሚዎችን በ17 ሆስፒታሎች አጥንቶ፣ አስቀድሞ የተቀመጠለትን ግብ አላሟላም፦ ከሽቦው ልክ ጋር ሲመሳከር ትክክለኛነቱ 73 በመቶ ሲሆን፣ የመተማመኛው (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚታሰበው ክልል) የታችኛው ጠርዝ ከ70 በላይ መሆን ሲገባው 67 ላይ ወረደ። የምስሉ ደንብ ከጠበቀና ስሌቱ ከተሻሻለ በኋላ በ2014 የወጣው «ኤንኤክስቲ» 81 በመቶ ደረሰ። ቀጥሎ በ2017 የ908 ቧንቧዎችን ውጤት አሰባስቦ የመረመረ ጥናት እውነቱን በታትኖ አሳየ። በድምሩ 82 በመቶ ገደማ ትክክል ነው፤ ሞዴሉ ከ0.90 በላይ ሲል 98 በመቶ ገደማ ይታመናል፤ በ0.70 እና በ0.80 መካከል ሲል ግን ትክክለኛነቱ 46 በመቶ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን አይሻልም። ሐኪሙ በጣም የሚያመነታበት ቦታ ደግሞ ያው ነው። ስለዚህ የዚህ ሞዴል ትልቁ ጥቅም ማን ስቴንት እንደሚያስፈልገው መናገሩ ሳይሆን፣ ማን ሽቦ ሳይገባበት ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚችል መለየቱ ነው ብንል አንሳሳትም። በ2015 የታተመው «ፕላትፎርም» ያገኘውም ይህንኑ ነው፤ ካቴተር ሊገባላቸው ቀጠሮ ከተያዘላቸው ታማሚዎች 61 በመቶው ከስሌቱ በኋላ ቀጠሯቸው ተሰርዟል።

ከደም ፍሰት ወደ ልብ ኤሌክትሪክ ሲኬድ ስፌቱ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዋ ናታሊያ ትራያኖቫና ባልደረቦቿ የልብ ጡንቻቸው በከፊል ሞቶ ጠባሳ የያዘ ሰዎችን ልብ ይሠራሉ። ጠባሳው ጋዶሊኒየም በሚባል ማድመቂያ በታገዘ ኤምአርአይ ነጥቶ ይታያል፤ ሙሉ በሙሉ የሞተው ክፍል ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ፣ በዳሩ ያለው ግማሽ ሙት ክፍል እያዘገመ እንዲያሳልፍ ይደረጋል። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ልቡን ከተለያየ ቦታ በምት እየነካኩ፣ ማዕበሉ ጠባሳውን እየዞረ ራሱን የሚመግብ አደገኛ ሽክርክሪት ይሆን እንደሆነ ያያሉ። በ2016 ባሳተሙት የ41 ታማሚዎች ሥራ፣ ማን ላይ አደገኛ ምት እንደሚመጣ በመለየት ሞዴሉ ሐኪሞች ዘወትር ከሚጠቀሙባቸው መመዘኛዎች በልጧል። ከእነዚህ መመዘኛዎች ዋናው የግራው ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ድርሻ ነው፤ 35 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ደረት ውስጥ የሚቀበር፣ አደገኛ ምት ሲመጣ ልቡን በኤሌክትሪክ የሚመታ መሣሪያ ይታሰባል። በ2018 ደግሞ ሽክርክሪቱን ለመቁረጥ የት ላይ ማቃጠል እንደሚሻል ለሐኪሙ የሚያመለክት ሥራ አወጡ፤ ከሥራው በፊት ትንበያ ወጥቶላቸው በዚያው የታከሙት ግን 5 ብቻ ነበሩና ቁጥሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እዚህም ከታማሚው ያልተለካ ብዙ ነገር አለ። የጡንቻ ክሮቹ አቅጣጫ ከውስጠኛው ግድግዳ ወደ ውጨኛው ሲሄድ 120 ዲግሪ ያህል ይዞራል፣ ኤሌክትሪክም በክሩ ርዝመት ከጎኑ ይልቅ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ይህን አቅጣጫ በሚመታ ልብ ውስጥ በአግባቡ መለካት ስለሚያስቸግር ለሁሉም በሚሠራ የስሌት ሕግ ይሞላል። የእያንዳንዱ ሕዋስ ኤሌክትሪክም ከታተመ አንድ የሰው ልብ ሕዋስ ሞዴል ተወስዶ ለሁሉም ታማሚ ይሰጣል። ይህ መሥመር ዴኒስ ኖብል በ1960 የመጀመሪያውን የልብ ሕዋስ ስሌት ካሳተመ ጀምሮ የመጣ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ልክ ሆኖ ሳለ ሞዴሉ እንዴት ያዋጣል? ሽክርክሪቱን የሚወስነው በአብዛኛው የጠባሳው ቅርጽ ስለሆነና ያ ደግሞ በትክክል ከታማሚው ስለተለካ ነው። ታማሚው አሚዮዳሮን የተባለውን የልብ ምት ማስተካከያ የሚወስድ ከሆነ ግን መድኃኒቱ የሚለውጠው የሕዋሱን ኤሌክትሪክ ነው፤ በዚህ ጊዜ የጋራው ሕዋስ አይበቃም። መሣሪያው ቀድሞ የተቀበረበት ታማሚም ብረቱ የኤምአርአዩን ምስል ስለሚያዛባ፣ በጣም የሚፈለገው የጠባሳ ቅርጽ ራሱ ይበላሻል።

ወደ ስኳር በሽታ ሲኬድ ልብሱ ሁሉ ከተለመደው ቅድ የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለካ ቅርጽ የለም። የቨርጂኒያና የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዎች የሠሩትን የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ሞዴል ኤፍዲኤ በ2008 በእንስሳ ሙከራ ምትክ ተቀብሎታል። በውስጡ 300 ምናባዊ ታማሚዎች አሉ፦ 100 አዋቂ፣ 100 ጎረምሳ፣ 100 ልጅ። እነዚህ የማንም አይደሉም፤ የኢንሱሊን ፓምፕን የሚነዳ ፕሮግራም በመቶ ዓይነት ሰው ላይ ቢሠራ ማንንም እንዳይጎዳ ለመሞከር ያገለግላሉ፣ ለዚያም ጥሩ ናቸው። ወደ አንድ ሰው ሲጠጉ ግን ችግር ይመጣል። ክንድ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ ሰውየው በልቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ 220 ቢያሳይ፣ እንጀራው ቀስ ብሎ እየተፈጨ ነው ወይስ ሰውነቱ ለኢንሱሊን ደንዝዟል? ሁለት የተለያዩ የቁጥር ስብስቦች ያንኑ መሥመር በእኩል ይስሉታል። ኮምፒውተሩ አንዱን መርጦ ይሰጥዎታል፣ ሌላውም እኩል ይገጥም እንደነበር አይነግርዎትም። መፍቻው የተበላውን መጠንና ሰዓት፣ የተወጋውን ኢንሱሊንና የአካል እንቅስቃሴውን ለብዙ ቀን በጥንቃቄ መመዝገብ ነው፤ ሰው የሚሰለቸውም እሱን ነው።

አማካዩ የማን አማካይ ነው የሚለው ጥያቄ እኛንም በቀጥታ ይነካል። ዲፋክቶ የተሠራው በቤልጂየም፣ ካናዳ፣ ላትቪያ፣ ደቡብ ኮሪያና አሜሪካ ነው፤ ኤንኤክስቲ በአውሮፓ፣ እስያና አውስትራሊያ። አፍሪካ የለችበትም። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ዛሬ ይህ ስሌት ቢታዘዝለት የሚገጠምለት ቅድ ከእነዚያ ሰዎች የተቆረጠው ነው። ይህ ለጉዳት ይዳርገዋል ማለት አይደለም፤ አልተለካም ማለት ነው።

የት ላይ ሊያሳስት እንደሚችል ለማየት የደሙን ዝልግልግነት እንውሰድ። ደም ቀይ ሕዋሱ ሲበዛ ይወፍራል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች በከፍታው ምክንያት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ «ደገኛ ከሆነ ደሙ ወፍራም ነው» የሚል ማስተካከያ ለእነርሱ ይሠራል። በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በአምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ ሄሞግሎቢናቸው በዴሲ ሊትር ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ግራም መሆኑን አገኘ፤ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው አይለይም። የኦክስጅን መጠናቸውም 95.3 በመቶ ነበር። በኋላ በባሌ በኩል በተጠኑት ደገኞች ደግሞ ሄሞግሎቢኑ ከቆላው ሰው ከፍ ብሎ ታይቷል። «የኢትዮጵያ ደገኛ» የሚል አንድ ቅድ እንኳ የለም ማለት ነው። በምሳሌያችን ዝልግልግነቱ በ20 በመቶ ቢጋነን የጥበቱ ተቃውሞ ከ0.1 ወደ 0.12 ያድግና 0.78 የነበረው 0.75 ይሆናል። የትናንሾቹም ሥሮች ተቃውሞ በዚያው ልክ ቢያድግ ማካፈሉ ስህተቱን ያጣፋው ነበር፤ ሞዴሉ ግን የእነርሱን ቁጥር ከግፊትና ከልብ ክብደት ስለሚያመጣ አያጣፋውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከአንድ ብልቃጥ ደም ሄማቶክሪት (የቀይ ሕዋሱ ድርሻ) ይለካና ሞዴሉ ውስጥ ይግባ። በእጅ ያለን ልክ ትቶ አማካይ መጠቀም ስንፍና እንጂ ሳይንስ አይባልም።

ተቆጣጣሪዎች ይህን ማየት ጀምረዋል። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመዘኛ፣ ኤፍዲኤም በ2023 መጨረሻ ባጸደቀው መመሪያ፣ ሞዴሉ ምን ያህል ማስረጃ ያስፈልገዋል የሚለው የሚመዘነው በሞዴሉ ላይ ተመሥርቶ በሚወሰደው ውሳኔ አደጋ ነው። ለሐኪሙ ተጨማሪ ፍንጭ የሚሰጥ ሞዴልና የት እንደሚቃጠል ብቻውን የሚወስን ሞዴል እኩል አይመዘኑም። ስሌቱ ያለ ስህተት መፈታቱ፣ ከእውነተኛ ልኬት ጋር መመሳከሩና የግብዓቱ መዛባት ውጤቱን ምን ያህል እንደሚያንገዋልለው በየራሳቸው መታየት አለባቸው።

ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ውጤቱ ምን ያህል ሊዛባ እንደሚችል፣ ታማሚው እጅ አልደረሰም። ዛሬ ከስሌቱ በኋላ የሚመጣው ወረቀት ከሰማያዊ እስከ ቀይ ቀለም የተቀባ የቧንቧ ዛፍ ነው፤ በየቅርንጫፉ ላይ አንድ አንድ ቁጥር ተጽፏል፣ 0.78 ይላል፣ ከዚያ በላይ አይናገርም። ያ ወረቀት ለታማሚው ሲሰጥ ሐኪሙን ቢጠይቅ የሚጠቅመው፦ ናይትሮግሊሰሪን ተሰጥቶኝ ነበር ወይ? ካልሲየሙ ጥበቱ ላይ ነው ወይስ ከእሱ ርቆ? ስኳሬና ግፊቴ ስሌቱ ውስጥ ገብቷል ወይ? ቁጥሩ የተነበበው ከጥበቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው ወይስ ቧንቧው ጫፍ ላይ? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ግፊቱ ጤነኛ በሆነ ቧንቧ ላይም ወደ ጫፉ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ያው ሰው ከጥበቱ አጠገብ 0.84፣ ጫፉ ላይ 0.77 ሊነበብለት ይችላል።